ፒዩር ሳይን ወይስ ሞዲፋይድ? ድሬ ላይ ኢንቨርተር ለምትገዙ

መብራት በሄደ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። ሰው ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪን 12 ቮልት ወደ ቤት 220 ቮልት የሚቀይር ዕቃ፣ ሊገዛ ነው። ጥያቄው ሁሌም ያው ነው፦ «ሞዲፋይዱን ልግዛ ወይስ ፒዩሩን?» ለእያንዳንዱ ሰው በተራ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው። መልሴን አልደብቅም፤ ፒዩር ሳይን ግዙ። ካርቶኑ ላይ «ፒዩር» ስለተባለ ብቻ ግን አይደለም።

መጀመሪያ ብሩን እንነጋገር። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ የኢንቨርተር ዋጋ መያዣ የለውም። ስለዚህ ከብሩ ይልቅ አንዱ የሌላውን ስንት እጥፍ እንደሆነ አስቡ። በካርቶኑ ዋት እኩል ሆነው ፒዩሩ የሞዲፋይዱን ሁለት እጥፍ ተኩል ሲጠራ አትደንግጡ። ሞዲፋይዱ 6 ሺህ ነው እንበል፣ ፒዩሩ 15 ሺህ። ሰው ሁሉ የሚሸነፈው በዚያ 9 ሺህ ነው። «አቦ፣ ሁለቱም መብራት ያበራሉ አይደል እንዴ?»

ያበራሉ። ጣጣው ከአምፖሉ ቀጥሎ የሚሰካው ነው። ድሬ ላይ ደግሞ ግንቦትን ያለ ቬንቲሌተር የሚያድር ሰው አላውቅም። ከቆጣሪ የሚመጣው 220 ቮልት 50 ኸርዝ ተራ በተራ ለስልሶ ይወጣል፣ ለስልሶ ይወርዳል። ፒዩሩ ይህንኑ ይመስላል። ሞዲፋይዱ ግን ይዘላል፣ ይቆማል፣ ይገለበጣል። ሞተር ይህን አይወድም። ያጓራል፣ ይግላል።

ከዚራ አካባቢ ጸጉር ቤት ያለው ወዳጄ ርካሹን ገዛ። ቶንዶሱ እየተንጫጫ በእጅ አልያዝ እስኪል ጋለ፣ ኮይሉም ተቃጠለ። ቀጥሎ የቬንቲሌተሩ ካፓሲተር ሄደ። ቴፑ ሲከፈት ከዘፈኑ በላይ እምምም የሚለው ይሰማ ነበር። ስልክ ቻርጅ ሲያደርግ ስክሪኑ ራሱን በራሱ እየነካ ሰው ይደውላል። ቶንዶሱን፣ ካፓሲተሩንና የጠጋኙን ሂሳብ ደምሩት፤ ያተረፈው ብር የት እንደገባ ታገኙታላችሁ።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው። ኢንቨርተር ውስጥ ሞስፌት የሚባሉት ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያዎች የባትሪውን 12 ቮልት በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል። ትራንስፎርመሩ ያንን ከ300 ቮልት በላይ ያደርሰዋል። ከዚያ ተቆርጦ ኤሲ፣ ማለትም እንደ ቆጣሪው የሚገለባበጥ ኤሌክትሪክ፣ ይሆናል። ቮልቴጁ በቅጽበት በዘለለ ቁጥር ኖይዝ (ራዲዮና ቴፕ የሚረብሽ ሞገድ) ይረጫል፤ በሽቦውም በአየሩም። ፒዩሩም ውስጡ ያው ቆራጭ ነው። ያለሰለሰው መውጫው ላይ ያለው ፊልተር ነው። ፊልተሩ የተጓደለበት ፒዩር ቬንቲሌተሩን በሰላም እያዞረ ራዲዮናችሁን ሊገድል ይችላል።

ኮፒ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ደህና የተሠራ ከሆነ፣ ከሶኬቱ ጀርባ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ቀለበት ላይ ሁለት ሽቦ ጎን ለጎን ተጠምጥሞ ታያላችሁ። አጠገቡ «ኤክስ2» የተጻፈበት ቢጫ ካፓሲተርና ሁለት ሰማያዊ ክብ ካፓሲተሮች አሉ። ኮፒው ላይ የሁሉም ቦታ ቦርዱ ላይ ተስሏል፣ ስማቸው ታትሟል፣ እነሱ ግን የሉም። በቀለበቱ ኮይል ፋንታ ሁለት ቁራጭ ሽቦ ተበይዷል። አለቀ። ይህን ለማየት የምትከፍቱ ከሆነ እጃችሁን አታስገቡ፤ ትልቁ ካፓሲተር ባትሪው ከተነቀለ በኋላም ይነዝራል።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልጨምር። የኢንቨርተሩ አካል ሲነካ ነዘር ያደርጋል፤ ባለቤቱ ወደ ጠጋኝ ይወስደዋል፤ ጠጋኙ ሰማያዊዎቹን ነቅሎ «ተስተካክሏል» ይላል። የነቀለው ፊልተሩን ነው! የጎደለው ግራውንድ፣ ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ፣ ነበር። አካሉን ከደህና ግራውንድ ጋር አስሩት፤ ነዘሩም ይቆማል፣ ኖይዙም ይቀንሳል። ኮይሉ ከመጀመሪያው ከሌለ ደግሞ ከሞተ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ይነቀላል። እስከ 500 ዋት አካባቢ ላለው ጭነት ይበቃል። ወጪው የበያጅ የእጅ ዋጋ ብቻ ነው።

ወደ ዋጋ ልመለስ። ካርቶኑ ላይ ያለውን 1000 ዋት እርሱት፤ ፊውዝ ቁጠሩ። 1000 ዋት በ12 ቮልት 83 አምፒር ነው፤ ብክነቱ ሲጨመር ከ90 ያልፋል። ባለ 30 አምፒር ፊውዝ ሁለት ብቻ ከተሰካበት ከባትሪ የሚወስደው ቢበዛ 720 ዋት ነው። ለናንተ የሚደርሰው 600 ገደማ። ስለዚህ 6 ሺህ ብሩን በ1000 ሳይሆን በ600 አካፍሉት፤ አንዱ ዋት 6 ብር መስሏችሁ 10 ብር ሆነ። ፊውዙ የሞላ ፒዩር በ15 ሺህ አንዱን ዋት 15 ብር ይሸጥላችኋል። ልዩነቱ መጀመሪያ የመሰላችሁን ያህል አይደለም።

ሙቀቱንም አትርሱ። ካፓሲተሮቹ ጎን ላይ 105 ዲግሪ የሚል ካለ ጥሩ፤ 85 ከሆነ ለሐረር ሰው ምናልባት፣ ለድሬ ግን አልመክርም። በ10 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት ዕድሜያቸው በግማሽ ይወርዳል።

ስትገጥሙት ከባትሪ የሚመጡት ሁለት ሽቦዎች አጭር ይሁኑ፣ እርስ በርስ ይጠማዘዙ። ረጅምና የተራራቀ ሽቦ አንቴና ነው። ሽቦውን በቢላ ጫሩት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና መልሱት።

«እኔ አምፖልና ስልክ ብቻ ነው ያለኝ» የምትሉ ደግሞ ሁለቱንም አትግዙ። ባለ 12 ቮልት ኤልኢዲ አምፖልና የመኪና ቻርጀር በቀጥታ ከባትሪው ይሠራሉ። ኖይዙ ያንሳል፣ ብክነቱ ያንሳል፣ 6 ሺህም አይወጣም።

እዚሁ ድሬ ያለው ታይዋን ገበያ ስትሄዱ ርካሹን ቢጫ ቴስተርና የቤታችሁን ቬንቲሌተር ይዛችሁ ሂዱ። ቴስተሩ ፒዩሩ ላይ 220 አካባቢ ያነባል። ሞዲፋይዱ ላይ ይሳሳትና ወደ 170 ይወርዳል፤ ካርቶኑ ላይ «ፒዩር» ተጽፎ ይህን ካነበባችሁ ነገሩ ገብቷችኋል። ከዚያ ቬንቲሌተሩን ሰክታችሁ ጆሯችሁን አስጠጉ። ሻጩ «ካርቶኑ አይከፈትም» ካለ ሌላ ሱቅ አለ። ከተስማማችሁ ደረሰኙ ላይ «ፒዩር ሳይን» ብሎ ይጻፍላችሁ፤ ቅናሽ የምትጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው።