በመነሻው ጠዋት ለሚረከብ ባለሞተር ብስክሌት አስቀድማችሁ አትክፈሉ

በቡድን ሆናችሁ በባለሞተር ብስክሌት ረጅም የገጠር ጉዞ ለማድረግ ያሰባችሁ ሁሉ፣ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ሳይደርሳችሁ አይቀርም። «ሙሉ ጥቅል» ይላል። ብስክሌቱ ሞተር ተገጥሞለት፣ ነዳጁ ተዘጋጅቶ፣ አጃቢ መኪና ተመድቦ ይጠብቃችኋል፤ እናንተ ሻንጣችሁን ይዛችሁ መምጣት ብቻ ነው። የሰው ቁጥር በበዛ መጠን ዋጋው ይቀንሳል። ክፍያው ሙሉ በሙሉ አስቀድሞ ነው። ርክክቡ ግን በመነሻው ዕለት ጠዋት።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው። የቀረው ጉድለት ሁሉ የሚደበቀው ከእርሱ ጀርባ ነው። ውሉን ያነበብኩት የእኛ ቡድን ሊፈርም ሲዘጋጅ ነበር፤ ለማሳያ የቀረበውን ብስክሌትም ከሥር እስከ ላይ አይቼዋለሁ። የሻጩን ስም አልጠራም። ያው ውል በሌላ አርማ ሥር ሊመጣባችሁ ስለሚችል ከስሙ ይልቅ አሠራሩን ብታውቁት ይሻላችኋል።

በብስክሌት ላይ የሚገጠሙት እነዚህ ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች አብዛኞቹ ባለአንድ ሲሊንደርና ባለሁለት ምት ናቸው። አዲስ ሲሆኑ ሮዳጅ ይፈልጋሉ። የፒስተኑ ቀለበቶች ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር እስኪላመዱ ድረስ፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ሞተሩን ሳያስጨንቁ፣ ዳገት ላይ ሳያስጮኹ፣ በየመሃሉ እያሳረፉና እያቀዘቀዙ መንዳት ያስፈልጋል። አሁን በመነሻው ጠዋት አዲስ ሞተር የተረከበን ሰው አስቡት። ሻንጣውን ጭኗል፤ ጓደኞቹ ከፊት ከኋላ ይነዳሉ፤ ማደሪያው ሩቅ ነው፤ ከቀትር በፊት ዳገት ይገጥመዋል። ቀስ ልበል ቢል ቡድኑን ያስቀራል። ካላለ ደግሞ ሲሊንደሩን በመጀመሪያው ቀን ይፍቃል። ማስታወቂያው ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አይልም፤ ውሉ ግን «ከአነዳድ ጉድለት የሚመጣ የሞተር ብልሽት የተጠቃሚው ኃላፊነት ነው» ይላል። ይህን አንቀጽ የጻፈው ሰው ሮዳጅ ምን እንደሆነ በደንብ ያውቃል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቡሎን ነው። ባለአንድ ሲሊንደር ሞተር ይንቀጠቀጣል፤ ብስክሌት ደግሞ ንዝረትን እንዲችል ተደርጎ አልተሠራም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሞተሩ ሲሞቅና ሲበርድ የሲሊንደሩ ራስ ዳዶዎች ይላላሉ፣ ሞተሩን ከብስክሌቱ አካል ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ይላላሉ፣ የማርሚታው ማሰሪያ ይላላል። ጠዋት በእጃችሁ ነክታችሁ ጥብቅ ያላችሁት ሁሉ ቀትር ላይ ሌላ ነገር ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። አንድ ሰው ለጥቂት ሰዓታት ይነዳዋል፣ ሲበርድ ሁሉንም መልሶ ያጠብቃል፣ እንደገና ይነዳዋል፤ ደካማ ቡሎን ካለ በተሻለ ይቀይረዋል፣ የሚላላውን ደግሞ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ሙጫ ያስረዋል። ለረጅም ጉዞ ማዘጋጀት ማለት ይኸው ነው። ሻጩ ይህን ሥራ ሳይሠራ ዋጋውን ከጥቅሉ ጋር ደምሮ ይቀበላችኋል።

ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ይህ መጥፎ ውል ነው፤ ለቡድን ግን ይብሳል። ለስሌት ያህል፣ አንድ ብስክሌት ቀኑን ያለ ብልሽት የመጨረስ ዕድሉ ከ10 9 ነው እንበል። ለአንድ ሰው ደህና ነው። አሥር ብስክሌቶች ግን ሁሉም ያለ ብልሽት ቀኑን የመጨረስ ዕድላቸው ከ100 ወደ 35 ይወርዳል። ገጠር መካከል አንዱ ሲቆም ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ «ብዙ ሆናችሁ ስትመጡ ይቀንስላችኋል» የሚለው ቅናሽ ችግሩ በሚበዛበት ልክ የሚጨምር ቅናሽ ነው። ከዚህ በፊት እንዲህ ዓይነት ቅናሽ አላየሁም።

ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ። ማስታወቂያው «80 ሲሲ» ይላል፤ ሲሲ የሞተሩ ሲሊንደር ይዘት መለኪያ ነው። ይህ አጠራር በዓለም ገበያ የቆየ ነው፤ ከአንድ ሻጭ ብቻ የመጣም አይደለም። ነገር ግን በዚህ ስም ከሚሸጡት ሞተሮች በብዛት የሚታየው የሲሊንደር ስፋቱ 47 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 38 ሚሊ ሜትር ነው። ይዘቱን ስታሰሉት 66 ሲሲ ገደማ ይመጣል። የ14 ሲሲ ልዩነት ለምን ያስጨንቃል የሚል ይኖራል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ጉልበቱ ሳይሆን ሕጉ ነው። በብዙ አገሮች ሕግ መስመሩ የሚሰመረው 50 ሲሲ ላይ ነው። ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት ቀላል ባለሞተር ብስክሌት የሚባለው የቤንዚን ሞተሩ ከ50 ሲሲ የማይበልጥ፣ ፍጥነቱም ከ45 ኪሎ ሜትር በሰዓት የማያልፍ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሞተር ሳይክል ነው፤ መንጃ ፈቃድ፣ ሰሌዳና የመድን ሽፋን ሊጠየቅበት ይችላል። ከመስመሩ በታች ያለውም ቢሆን በብዙ ቦታ ሰሌዳና መድን ይፈልጋል። ይኸው ማስታወቂያ ግን በአንድ ገጽ ላይ «80 ሲሲ ኃይል» ብሎ ይፎክራል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ «ብስክሌት ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም» ይላል። 80ም ሆነ 66 መስመሩን ያልፋል። የምትጓዙበትን አገር ሕግ ከሻጩ አፍ አትስሙ፤ የትራፊክ መሥሪያ ቤቱንና መድን ሰጪውን ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። አደጋ ከደረሰ በኋላ መድን ሰጪው መጀመሪያ የሚያየው የሲሲውን ቁጥር ነው።

ከሁሉ በላይ የደነገጥኩት የኋላ ጎማው ጋ ነው። ርካሹ አገጣጠም የሞተሩን ሰንሰለት የሚስበውን ባለጥርስ ቀለበት በቸርኬው ሽቦዎች ላይ፣ በሁለት የላስቲክ ቁራጮች መካከል አጣብቆ በቡሎን ማሰር ነው። ሽቦዎቹ የተሠሩት የሰው እግር የሚሰጠውን ኃይል እንዲችሉ ነው። ሞተሩ ሲጎትታቸው ይላላሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። የማጣበቂያው ላስቲክ ሲጨመቅ ቡሎኖቹ ይላላሉ፤ ቀለበቱ መሃሉን ይስታል፤ ሰንሰለቱ አንዴ ይጠብቃል አንዴ ይላላል። ሰንሰለቱን የሚወጥረው ትንሽ መዘውር ደግሞ በብስክሌቱ አካል ላይ በአንድ መቆንጠጫ ብቻ ነው የታሰረው። እርሱ ዞሮ ሽቦዎቹ ውስጥ ከገባ የኋላ ጎማው በአንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህ ቁልቁለት ላይ ቢያጋጥማችሁ ምን እንደሚከተል መንገር አያስፈልገኝም። የተሻለው አገጣጠም ቀለበቱን በሽቦዎቹ ላይ ሳይሆን በጎማው እምብርት ላይ በጠንካራ መያዣ ማሰር ነው። ዋጋው ይጨምራል፤ ለአንድ ሰፈር ሽርሽር ላያስፈልግ ይችላል፤ ለረጅም ጉዞ ግን ግዴታ ነው። የቀረበላችሁን ብስክሌት አንሥታችሁ የኋላ ጎማውን አዙሩትና ሰንሰለቱን ተመልከቱ። አንዴ ሲወጠር አንዴ ሲረግብ ካያችሁ ሌላውን መመርመር ሳያስፈልጋችሁ ውሉን መመለስ ትችላላችሁ።

ፍሬኑስ? ስንጠይቅ «የብስክሌቱ ፍሬን በቂ ነው» ተባልን። ፍሬን ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት ከፍጥነት ጋር በእኩል አይጨምርም፤ ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ብስክሌት የተሠራ ፍሬን በ50 ላይ፣ ያውም ከሞተርና ከሻንጣ ክብደት ጋር፣ የማይችለውን ሥራ ይሠራል። ቸርኬውን ጨብጦ የሚያቆም ከሆነ ረጅም ቁልቁለት ላይ ቸርኬው ይግላል፤ የውስጥ ጎማውም ሊፈነዳ ይችላል። የፊት ፍሬን የሌለውን ብስክሌት እንኳን ለገጠር ለግቢም አልመርጠውም።

ማስታወቂያው የድሮ ፎቶዎችንም ይለጥፋል፤ ሰዎች በባለሞተር ብስክሌት አገር ሲያቋርጡ የሚያሳዩ። እውነት ነው፣ ተቋርጧል። የፈረንሳዩ ቬሎሶሌክስ እ.ኤ.አ. በ1946 ገበያ ላይ ሲወጣ ሞተሩ 45 ሲሲ ብቻ ነበር፤ ኋላ ላይም 49 ላይ ነው የቆመው። የፊት ጎማውን እየተጫነ በእርጋታ ያዞረው ነበር። ያ ብስክሌትና ሞተሩ አብረው ታስበው የተሠሩ፣ በዝግታ የሚሄዱ ነበሩ። የተገኘው ብስክሌት ላይ የተገኘውን ሞተር አስሮ በዚያ ፎቶ መሸጥ ግን ሌላ ሥራ ነው።

«ነዳጅ ከእኛ» የሚለውም ጠጋ ብለው ቢያዩት አያምርም። ባለሁለት ምት ሞተር የሚቀባው ከቤንዚኑ ጋር በሚቀላቀል ዘይት ነው። በሮዳጅ ጊዜ ለነዚህ ሞተሮች በተለምዶ የሚመከረው 16 ለ1 ነው፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን 310 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ 20 ወይም 25 ለ1 ይኬዳል። በቀረበልን ዝርዝር ውስጥ ግን ባለአራት ምት ሞተር ያላቸውም ብስክሌቶች ነበሩ፤ እነዚህ ንጹሕ ቤንዚን ነው የሚፈልጉት፤ ዘይታቸው ለብቻው ነው። አጃቢ መኪናው የሚይዘው ጀሪካን ስንት እንደሆነ ስጠይቅ «አንድ ትልቅ» አሉኝ። በዚያ ጀሪካን ውስጥ ቅልቅል ካለ ባለአራት ምቶቹ ያጨሳሉ፣ ካንዴላቸው ይቆሽሻል። ንጹሕ ቤንዚን ካለ ባለሁለት ምቶቹ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄደው ይነክሳሉ፣ ፒስተኑም ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። ደግሞም የብስክሌቶቹ ታንክ 2 ሊትር ቢይዝ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 2 ሊትር ተኩል የሚወስድ ሞተር በ80 ኪሎ ሜትር ላይ ባዶውን ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያላችሁ ያ ጀሪካን ብቻ ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ለመረጡ ደግሞ «በአንድ ቻርጅ 100 ኪሎ ሜትር» ተብሏል። የባትሪውን ቮልት በአምፔር ሰዓቱ አባዙት። 36 ቮልት በ10 አምፔር ሰዓት 360 ዋት ሰዓት ነው። ፔዳል ሳይመቱ በሞተሩ ብቻ ከተነዳ በኪሎ ሜትር 12 ዋት ሰዓት ቢወስድ 30 ኪሎ ሜትር ያደርሳችኋል። መቶው የሚገኘው ሜዳ ላይ፣ ነፋስ በሌለበት፣ አብዛኛውን ሥራ እግራችሁ ሲሠራ ነው። በአውሮፕላን ወደ መነሻው ለመሄድ ያሰባችሁም፣ ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የብስክሌት ባትሪ በመንገደኛ ሻንጣ እንደማይፈቀድ እወቁ።

ገንዘቡን በተመለከተ ውሉ ውስጥ ሁለት አንቀጾች አሉ። አንደኛው ቡድኑን በሙሉ እንደ አንድ ተዋዋይ ይቆጥራል፤ አንዱ ለሰበረው ሁሉም ይከፍላል፣ አንዱ ቢቀር ድርሻውን የቀሩት ይሸፍናሉ። ሁለተኛው መያዣ ያስከፍላል፤ ነገር ግን ብስክሌቱ ሲረከብ ያለበትን ሁኔታ የሚመዘግብ ቅጽ የለውም። የተላላ ሽቦና የሚያንጠባጥብ ካርቡረተር ይዛችሁ ሄዳችሁ ስትመለሱ «እናንተ ናችሁ» ብትባሉ የምታሳዩት ወረቀት የላችሁም። አጃቢ መኪናውም «ይከተላል» ይላል እንጂ የተበላሸ ብስክሌት ይጫናል፣ መካኒክ ይኖረዋል፣ መለዋወጫ ይይዛል አይልም።

እንግዲህ መፈረም ከፈለጋችሁ የምትጠይቁት ይህን ነው። ብስክሌቶቹ ከመነሻው ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ይሰጧችሁ፤ ሮዳጁን ራሳችሁ ጨርሱ፤ ከዚያ ሙሉ ሻንጣ ጭናችሁ፣ ዳገትና ቁልቁለት ባለበት መንገድ አንድ ቀን ሙሉ በቡድን ንዱ። ከክፍያው የሚበዛው እጅ የሚለቀቀው ከዚያ ሙከራ በኋላ ይሁን። ሁሉም አንድ ዓይነት ሞተር ይኑራቸው፤ ያን ጊዜ አንድ ካንዴላ፣ አንድ የሰንሰለት ማያያዣ፣ አንድ የነዳጅ ገመድ ለማንኛችሁም ይሆናል። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም ይፈርም፣ በራሱ ስም ደረሰኝ ይቀበል። እኛ እነዚህን ጥያቄዎች ስናቀርብ የተሰጠን መልስ «ለሌላ ቡድን ቦታው ይያዛል» የሚል ነበር። ይያዝላቸው አልን።

ከፍላችሁ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ በጽሑፍ የርክክቡ ቀን ከመነሻው ቀደም እንዲል ጠይቁ፤ የሞተሩን ትክክለኛ ሲሲና የኋላ ጥርሱን አገጣጠም በጽሑፍ እንዲገልጹላችሁ አድርጉ፤ ማስታወቂያውን ከመቀየሩ በፊት በፎቶ አስቀሩት። እምቢ ካሉ በባንክ ወይም በካርድ የከፈላችሁ ክፍያው የሚመለስበት መንገድ እንዳለ ባንኩን ጠይቁ፤ ለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የጊዜ ገደብ ስላለ ጉዞው እስኪደርስ አትጠብቁ። ቀኑ ደርሶ ብስክሌቱ ፊታችሁ ከቆመም፣ ሳትነዱት በፊት በቪዲዮ ቅረጹት፤ የኋላ ጎማውን አንሥታችሁ ስታዞሩ ጭምር።