ጂሜሽ፦ ነጻ ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ግን ለቆሸሸ ስቴፕ ፋይል ምህረት የለውም

ለቸኮለ ሰው፦ ጂሜሽ የዲዛይን ፋይልን ለሲሙሌሽን እንዲሆን ወደ ትንንሽ ቁርጥራጮች (ሜሽ ወደሚባለው) የሚከፋፍል ሶፍትዌር ነው፣ ጥሩ ነው፣ አውርዱት። የት የት ላይ እንደሚያስለቅስ ማወቅ የፈለገ ይቀጥል።

እዚህ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ዲዛይን ለምንሰራ ልጆች ስራ የሚመጣው በአብዛኛው እንዲህ ነው፣ ደንበኛው ከውጭ ያስመጣው ማሽን አለ፣ የሆነ ክፍሉ ተሰብሯል፣ ከአምራቹ እንደምንም የተገኘ ስቴፕ ፋይል (የክፍሉ የስሪዲ ቅርጽ ያለበት) በቴሌግራም ይልክና "ይሄን እዚህ ብናስፈስሰው ጭነቱን ይችላል ወይ" ይላል። እና ያንን ፋይል ከፍተህ ወደ ሲሙሌሽን ለማስገባት መጀመሪያ ሜሽ መሆን አለበት፣ ጣጣው እዛ ጋ ነው የሚጀምረው። ብዙ ሰው ደግሞ ለዚ ክራክ የተደረገ ትልቅ ሶፍትዌር በፍላሽ ተቀባብሎ ይጭናል፣ ላፕቶፑ በቫይረስ ይሞላል፣ ሪፖርቱ ላይም በምን እንደሰራው መጻፍ ይፈራል። ጂሜሽ ላይ ይሄ ሁሉ የለም፣ ዚፑን ፈታችሁ ትከፍታላችሁ፣ በቃ። ላይሰንሱ ጂፒኤል ነው፣ ማንም በነጻ የሚጠቀምበት ማለት። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረ ነው፣ ቤልጂየም ያሉት ክሪስቶፍ ገዜንና ዣን ፍራንሷ ረማክል የሚባሉ ሰዎች ስራ፣ እስካሁንም እየተሻሻለ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ቅርብ ጊዜ የሰራሁት የውሃ ፓምፕ አካል ነው፣ ቀንድ አውጣ የሚመስለው ውጪኛው ቤት። ፋይሉ ሲከፈት ያምራል፣ ምንም ችግር የለውም ትላላችሁ። ቱዲ ሜሽ (የላይ ገጹ) ላይም ሰተት ብሎ አለፈ፣ ስሪዲ (ውስጡን) ስል ግን ቀይ ጽሁፍ፣ ይሄኛውና ያኛው ሰርፌስ (የቅርጹ አንድ ገጽ) ላይ ያሉ ትሪያንግሎች ተደራርበዋል ብሎ ቆመ። ደስ የሚለው የሰርፌሶቹን ቁጥር ይነግራችኋል። ቱልስ ውስጥ ቪዚቢሊቲ የሚል አለ፣ ቁጥሩን አስገብታችሁ ሌላውን ሁሉ ደብቁትና ዙም አድርጉ። እኔ ያገኘሁት ሁለት ፋይሌት (ክብ የተደረገ ጥግ) የሚገናኙበት ጥግ ላይ እንደ መርፌ የቀጠነች ሰርፌስ ነው፣ አንዷ ኤጅ (ጠርዟ) ከ0.02 ሚሊሜትር አትበልጥም፣ ፓምፑ ራሱ ግን ግማሽ ሜትር ይጠጋል። በአይን ብትፈልጓት እስከ ነገ አታገኟትም።

ብዙ ሰው የማይገባው ነገር እዚህ ጋ ነው። ትንሹን የሜሽ መጠን 3 ሚሊሜትር ብያለሁ እኮ ለምን እንደዛ ደቀቀ ይላሉ። ጂሜሽ የሰጣችሁትን ጂኦሜትሪ ያከብራል፣ ኤጅ ካለ ሁለቱም ጫፍ ላይ ኖድ (የሜሹ ነጥብ) መቀመጥ አለበት፣ ኤጇ 0.02 ከሆነች እዛ ጋ ያለው ኤለመንትም (የሜሹ አንድ ቁራጭ) የ0.02 ጎን ይኖረዋል፣ ሚኒመም ያላችሁት ቁጥር አያድናችሁም። ስለዚ ፋይሉን ልክ እንደ ምስር መጀመሪያ ለቅሞ ነው ወደ ድስቱ ማስገባት።

ለመልቀም ደግሞ እሱ ራሱ የተወሰነ ያግዛል። ስቴፑን የሚያነብለት ኦፕን ካስኬድ የሚባል ውስጡ ያለ ላይብረሪ ነው፣ ኦፕሽን ውስጥ ትንንሽ ኤጅና ትንንሽ ሰርፌስ አስተካክል፣ ያልተገጣጠሙ ሰርፌሶችን ስፋ የሚሉ ምርጫዎች አሉ፣ ፋይሉን ከመክፈታችሁ በፊት ነው የምታበሯቸው፣ ከከፈታችሁ በኋላ ብታበሩ ዋጋ የለውም። የኔን ፓምፕ ግማሹን በዚህ ነው ያዳንኩት። የቀረውን ኮምፓውንድ ሰርፌስ በሚለው፣ ጎን ለጎን ያሉ ስብርባሪ ሰርፌሶችን አንድ ላይ ቆጥሮ ድንበራቸውን ረስቶ በላያቸው ላይ ሜሽ ያደርጋል፣ ይሄ ነገር ወርቅ ነው። እሱም ካልሰራ ፍሪካድ (ሌላ ነጻ የዲዛይን ሶፍትዌር) ላይ ፓርት ውስጥ ዲፊቸሪንግ አለ፣ ፋይሌቱን መርጣችሁ ታጠፉታላችሁ። የአምራቹን ስም በጉልህ የጻፉበት ፊደል፣ የብሎን ጥርስ፣ የዘይት ቀዳዳ፣ ስትረስ (ጭነት ውስጡ የሚፈጥረው ውጥረት) የማያሳስባችሁ ቦታ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፉት። ስትረሱን የምትፈልጉበት ጥግ ላይ ያለውን ፋይሌት ግን እንዳትነኩ፣ እሱን አጥፍታችሁ ሹል ጥግ ከተዋችሁ ሜሹን ባደቀቃችሁ ቁጥር ስትረሱ ዝም ብሎ ይጨምራል፣ የሚቆምበት የለውም።

ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም ነው፣ የብዙዎቻችሁም እንደዛው ይመስለኛል። የኤለመንቱን መጠን በግማሽ ስትቀንሱ ቁጥሩ ወደ 8 እጥፍ ገደማ ነው የሚሆነው፣ ሜሹ ራሱ ይወጣላችሁና ሶልቨሩ (ስሌቱን የሚሰራው ፕሮግራም) ጋ ስትደርሱ ኮምፒዩተሩ ቀጥ ይላል፣ መሀል ላይ መብራት ከሄደማ አልቋል። ስለዚ ሁሉንም ቦታ እኩል አታድቅቁት፣ በከርቬቸር (በገጹ ጥምዝነት) መጠን ስጥ የሚለውን ተጠቀሙ፣ 12 ካላችሁት ሙሉ ክብ ላይ 12 ኤለመንት ማለት ነው፣ ለመጀመሪያ ሙከራ ይበቃል፣ ጠፍጣፋው ቦታ ላይ ደግሞ ሰፋ አድርጎ ይሄዳል።

ወደ ካልኩሊክስ (ነጻ ሶልቨር ነው) ስትልኩት ሁለት ነገር ልብ በሉ። የጂሜሽ ዲፎልት ፈርስት ኦርደር ነው፣ ባለ 4 ኖድ ቴትራ (ባለ አራት ፊት ኤለመንት) ማለት፣ እሱ ደግሞ መታጠፍ ላይ ከእውነቱ በላይ ግትር ስለሆነ "አይሰበርም" ብሎ ይዋሻችኋል። ሴት ኦርደር 2 በሉት፣ ባለ 10 ኖድ ይሆናል። ከዛ በኋላ ሶልቨሩ ጃኮቢያን ፖዘቲቭ አይደለም እያለ ከጮኸ ጠማማ ሰርፌስ ላይ መሀለኛው ኖድ ተጣሞ ኤለመንቱ ተገልብጧል ማለት ነው፣ የሃይ ኦርደር ኦፕቲማይዝ አለ፣ እሱን ጫኑ። ሁለተኛው፣ ፊዚካል ግሩፕ (ለፈለጋችሁት ክፍል የምትሰጡት ስም) ሳትሰሩ ሴቭ ካደረጋችሁ መስመሩንም ትሪያንግሉንም ከቮልዩሙ ጋር አብሮ ይጽፈዋል፣ ቮልዩሙን ግሩፕ ስታደርጉት እሱን ብቻ ያወጣል። ዩኒትም አለ፣ ስቴፑ በሌላ ዩኒት ተሰርቶ ቢሆንም ካልነገራችሁት ወደ ሚሊሜትር ቀይሮ ነው የሚያስገባው፣ ስለዚ ዕቃው ስቲል ከሆነ ሞዱለሱን (የግትርነት ቁጥሩን) በሜጋፓስካል 210000 ብላችሁ ስጡት።

መልኩ አስቀያሚ ነው፣ እሱን አልክድም። ሜኑው የድሮ ዘመን ሶፍትዌር ይመስላል፣ የለመደ ሰው ግን ሜኑውን ይተወዋል፣ ምክንያቱም ጂኦሜትሪ ሜኑው ውስጥ የምትሰሩት ነገር ዶት ጂኦ በሚባል የጽሁፍ ፋይል ላይ መስመር ሆኖ ይጻፋል፣ ተሳሳታችሁ እንደሆነ መስመሩን ማጥፋት ነው። ፓይተን የምትችሉ ደግሞ በፒፕ ጭናችሁ ሁሉንም ከኮድ ማዘዝ ትችላላችሁ፣ ደንበኛው የተስተካከለ ፋይል ሲልክ አንድ ጊዜ ራን ብቻ። ትልቁ ቅሬታዬ ሄክሳ (ባለ ስድስት ፊት፣ ጡብ የሚመስል ኤለመንት) ነው፣ ውስብስብ ከውጭ የመጣ ጂኦሜትሪን በራሱ ወደ ጥሩ ሄክሳ አይቀይርላችሁም፣ እናንተ ቆራርጣችሁ ካልሰጣችሁት አትጠብቁ። (ሌሎቹም በራሳቸው አይችሉም፣ ማስታወቂያው ላይ ብቻ ነው የሚችሉት።)

የፓምፑ ባለቤት ተክለሃይማኖት ወርክሾፕ ያላቸው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ባለቀለሙን ስዕል አሳየኋቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና "ልጄ ቀለሙን ተወውና፣ የቱ ጋ ነው የሚሰበረው?" አሉኝ። "እዚች ጋ ጋሼ፣ ከእግሩ አጠገብ" አልኳቸው። "እሱማ የተሰበረውም እዛው ነው" ብለው ሳቁ። እዛ ጋ ወፈር አድርገን እንድናስፈስሰው ተስማማን።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቸዋለሁ። ልትጀምሩ ከሆነ አብረውት ከሚመጡት ቱቶሪያሎች ከ1 ጀምራችሁ አትድከሙ፣ ቁጥር 20 ስቴፕ ፋይል አስገብቶ ስለመቆራረጥ ነው፣ እሱን ክፈቱ። ያላችሁ ከስካነር የወጣ ኤስቲኤል (በትሪያንግል ብቻ የተሰራ ፋይል) ብቻ ከሆነ ደግሞ 13ን እዩ።