በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠውን የማንጎ «መድኃኒት» አትግዙ

በአርባ ምንጭ ዙሪያ ማንጎ ያላችሁ ወገኖች፣ ሰሞኑን ከጓሮ ጓሮ እየዞረ «የፍራፍሬ ፈንገስ ሁሉ መድኃኒት፣ በሙከራ የተረጋገጠ» እየተባለ የሚሸጥ ዱቄት አለ። እባካችሁ ገንዘባችሁን አታውጡበት።

ጎረቤቴ የገዛውን ቋጠሮ አገላብጬ አይቼዋለሁ። ስም የለው፣ አምራች የለው፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን የለው። መጠኑን ሻጩ በቃል ይናገራል፤ ለአንድ የጀርባ መርጫ አንድ የቡና ሲኒ። ምንነቱን ሲጠየቅ «ሜታላክሲል ነው» ይላል። እውነቱን ቢሆን እንኳ፣ ሜታላክሲል የሚባለው ፀረ-ፈንገስ በክረምት የድንችና የቲማቲም ቅጠል ለሚያጠወልገው በሽታ የሚውል ነው። የማንጎን አበባና ፍሬ የሚያጠቁረውን አንትራክኖስ የተባለ የፈንገስ በሽታም ሆነ አበባውን ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስለውን በሽታ አይነካም። «ለነጩ ተባይም ይሆናል» ማለቱ ደግሞ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ያ ተባይ በአገራችን በ2010 እ.ኤ.አ. ምሥራቅ ወለጋ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ፣ ቅጠልና ፍሬ ላይ ተለጥፎ ጭማቂውን የሚመጥ ነፍሳት ነው። ፀረ-ፈንገስ ምን ያደርገዋል?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን «ሙከራው» ነው። ሻጩ በስልኩ ሁለት ፎቶግራፎች ያሳያል፤ አበባው የጠቆረ ዛፍ፣ ከዚያም ያው ዛፍ ፍሬ ይዞ። አንትራክኖስ እርጥበት ይወዳል። ዝናቡ ሲያባራ በሽታው ይዳከማል፣ ቀጥሎ የሚወጣው አበባም ሳይረጭ ሊድን ይችላል። ታዲያ ከአጠገቡ ያልተረጨው ዛፍ የት አለ? በአንድ ማሳ፣ እኩል ዕድሜ ካላቸው ዛፎች ከፊሉ ተረጭቶ ከፊሉ ሳይረጭ ቀርቶ፣ ከሁለቱም ወገን የታመመው ፍሬ ሳይቆጠር ስለ ሙከራ ማውራት ማታለል ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አንትራክኖስ ፍሬው ገና ለጋ ሳለ ገብቶ ይደበቃል፤ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ሲበስል ነው። እንደ ማንኮዜብና መዳብ ያሉት ትክክለኛ ፀረ-ፈንገሶች እንኳ የሚጠቅሙት ከአበባው ጊዜ ጀምሮ፣ በሽታው ሳይገባ ሲረጩ ነው። የጠቆረ ፍሬ «አድናለሁ» የሚል ሰው ከመጣ በሩን ዝጉበት።

የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል። የገዛችሁ ካላችሁ አትርጩት፤ በተለይ ለቀማ የደረሰ ፍሬ ላይ ፈጽሞ እንዳይነካ፣ የሚበሉት ልጆቻችሁ ናቸው። ወንዝ ውስጥም አትድፉት። ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አሳውቁ፤ የሻጩንም መልክና የመጣበትን ቀን ንገሯቸው።