በቴሌቪዥን ኮሜዲ ለምትሠሩ፦ የማመሰግናቸውና የምጠቁማችሁ የሥነ ልቦና አማካሪ

በቴሌቪዥን ኮሜዲ ለምትጽፉና ለምትተውኑ፣ በተለይ ሳቅ ባነሰ ቁጥር ችሎታችሁን ለምትጠራጠሩ፣ አንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ ልጠቁማችሁ። ውለታቸው ከባድ ነውና በአደባባይ ሳላመሰግናቸው መቅረት አልፈለግሁም።

የእኛ ሥራ ፍርዱ ፈጣን ነው። ታዳሚ በተቀመጠበት ስቱዲዮ ስንቀርጽ ሳቁ ካልመጣ ዝምታውን እዚያው ቆመን እንሰማዋለን። ያው ትዕይንት ሲደገም ሳቁ ይሳሳል፤ እኔም ያንን ይዤ ወደ ቤት እገባ ነበር። አማካሪዬ የኮሜዲ ሰው ስላልሆኑ የቀረጻውን ሂደት እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ። ስለ ካሜራዎቹ፣ ታዳሚውን አስቀድሞ ስለሚያሟሙቀው ሰው፣ ስለ ድጋሚው ቀረጻ ሁሉንም ዘረዘርኩላቸው። በጥሞና ሰምተው፣ «ቀልዱን ቀድሞ የሰማ ሰው እንደ አዲስ እንዲስቅልሽ ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ባለሙያ ብርቅ ነው!

ከዚያም ወረቀት ለሁለት ከፍዬ በአንዱ በኩል የሆነውን፣ በሌላው ለራሴ የነገርኩትን እንድጽፍ አደረጉ። በአንዱ «አዘጋጁ ሁለት መስመር ቆረጠ»፤ በሌላው «መጻፍ እንደማልችል ነቃብኝ»። ፖሊን ክላንስ እና ሱዛን አይምስ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ስኬታቸው በማስረጃ የተረጋገጠ ሴቶች ሳይቀሩ «አንድ ቀን ይነቃብኛል» ብለው እንደሚሰጉ የነገሩኝም እርሳቸው ናቸው። ብቻዬን እንዳልሆንኩ ማወቄ ትልቅ እፎይታ ሰጠኝ።

ያ ወረቀት ፍቅሬንም አተረፈልኝ። የፕሮግራማችን የድምፅ ባለሙያ እንደሚወደኝ ነግሮኝ ነበር። በአንዱ በኩል «እወድሻለሁ አለኝ» ብዬ ጻፍኩ፤ በሌላው «የሚወደው የምጫወታትን ገጸ ባሕርይ ነው»። አማካሪዬ ተቀበዪው ወይም ተዪው አላሉኝም። «ይህንን እርሱ ነው ያለሽ?» ብቻ አሉ። ሄጄ ጠየቅሁት። «ማይክራፎኑን ልብስሽ ላይ ስሰካ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። እንደዚያ እየተንቀጠቀጥሽ ገብተሽ ትሠሪያለሽ። እኔ የምወደው ያቺን ነው» አለኝ። አሁን ታጭተናል።

ልታነጋግሯቸው ለምትፈልጉ፦ ክፍያቸውን ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት በግልጽ ይናገራሉ፤ ቀረጻ ሰዓት ሲያዛባም በስልክ ያነጋግራሉ። የሰሙትን ለማንም አያወሩም፤ በእኛ ሙያ ይህ ከሁሉም ይበልጣል። መድኃኒት ግን አያዝዙም፤ የሕክምና እርዳታ የሚያሻው ሰው ሲገጥማቸው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም ይልካሉ። ስማቸው እንዲህ በይፋ እንዲወጣ ስላልፈለጉ በውስጥ መልእክት ጠይቁኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።