ተነቃይ የሞተር የፊት መስታወት (የንፋስ መከላከያ) ለምትፈልጉ፦ ደብረ ማርቆስ ያለውን ይህን ልጅ እዩልኝ

በጠዋት ከደብረ ማርቆስ ወደ ረቡ ገበያ በሞተር የወጣ ሰው የጮቄ ተራራን ንፋስ ያውቀዋል። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። በሳምንት ሦስት አራት ቀን የክትባት ሳጥኔን ከኋላ አስሬ በዚያ መንገድ እወጣለሁ። ዓይኔ ያነባል፣ ደረቴ ይበርደዋል፣ ጣቴ ደንዝዞ ፍሪሲዮን መጨበጥ ያቅተዋል። አምና የፊት መስታወት ላስገጥም ቆረጥኩ።

የመጀመሪያውን የገዛሁት ሌላ ቦታ ነው። ሻጩ "ትልቁ ይሻልሃል" አለኝ፣ አመንኩት። በአራት ብሎን የታሰረ፣ ከዓይኔ በላይ የሚያልፍ ነበር። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ዝናብ ያዘኝ። ከፊቴ የሚመጣው የአይሱዙ መብራት በመስታወቱ ላይ ባለው ጠብታ ሁሉ ተበተነና መንገዱ ጠፋኝ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብዙም ሳይቆይ መስታወቱ በብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ተሰነጠቀ።

ከዚያ በኋላ ነው መስታወት የሚገጥመውን ይህን ልጅ ያገኘሁት። "ስሜን አያውጡብኝ" ስላለኝ አላወጣም።

ምንም ሳይሸጥልኝ "ይቀመጡ ጋሼ፣ ልክ እንደሚነዱት ሆነው" አለኝ። ሄልሜቴንም አስደረገኝ። ካርቶን ከመሪው ፊት ይዞ ቀስ እያለ ዝቅ አደረገው። የላይኛው ጠርዝ አፍንጫዬ ትክክል ሲደርስ በእስክሪብቶ አሰመረበት። "መንገዱን የሚያዩት በላዩ ነው እንጂ በመስታወቱ ውስጥ አይደለም" አለኝ። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ያ ማታ ባልደረሰብኝ።

መስታወቱ የሚሠራባቸውን ሁለት ዓይነት ፕላስቲክ፣ አክሪሊክና ፖሊካርቦኔት አሳየኝ። አክሪሊክ ቶሎ አይጫርም፣ ሲመታ ግን ይሰነጠቃል። ፖሊካርቦኔት በቀላሉ ይጫራል፣ ጠጠር ግን ይችላል። የእኔ መንገድ ጠጠር ነው፤ ምርጫው አላስቸገረንም። ማሰሪያው በእጅ የሚላላ፣ መፍቻ የማይፈልግ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስወርድ ሙቀቱ አየር ያስናፍቃል፣ ነቅዬ ከኋላ አስረዋለሁ። የጎን ንፋስ ሲበረታም እነቅለዋለሁ። መስታወቱ መሪው ላይ ስለሚታሰር ንፋሱ መሪውን ይዞት ይሄዳል፤ ይህንንም የነገረኝ እሱ ነው።

ገጥሞ ሲጨርስ መሪውን እስከ ጥግ ግራና ቀኝ አዞረው። የፍሪሲዮኑ ካቮ (ሽቦው) ያዝ አደረገ። አንድም ቃል ሳይናገር ፈታው፣ በጎማ ደግፎ እንደገና አሰረው። ቀጥሎ "ነድተው ይመለሱ" አለኝ። ሄልሜቴን ንፋሱ እንደሚያንቀጠቅጠው ነገርኩት። መስታወቱን ትንሽ ወደ እኔ አጋደለው፣ መንቀጥቀጡ ተወኝ። ለሁለተኛው ሥራ ብር ብሰጠው እጄን መለሰው።

አጠባቡንም አሳየኝ። እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ አልብሶ አቧራውን አራሰው። ከዚያ በለዘብተኛ ሳሙና አጠበው። በደረቁ መፈተግም፣ ቤንዚን መንካትም የለም።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ረቡ ገበያ ስደርስ ጣቴ ሲሪንጅ ይይዛል።

የምታገኙት ማርቆስ መናኸሪያው ጀርባ ነው፣ ሞተር ጠጋኞች በተደረደሩበት፣ ሰማያዊው በር። መስታወት ገዝታችሁ ሳይሆን ከመግዛታችሁ በፊት ሂዱ። ሄልሜታችሁን እንዳትረሱ፣ ያለሱ አይለካላችሁም።