የሃይኤስ የጥገና ማኑዋል፦ ለፍሬን አየር ማውጣት ምን ያህል ይበቃል?

ለአሮጌ ሃይኤስ የቶዮታን ማኑዋል መግዛት ያዋጣል። የፍሬን አየር ማውጫው፣ ማለትም ዘይቱ ውስጥ የገባው አየር የሚወገድበት ክፍል አጭር ነው፣ ቅደም ተከተሉም ልክ ነው። ጉድለቱ የተጻፈው ላልዛገ መኪና መሆኑ ነው።

ማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ዋና ፓምፕ) ተፈትቶ ወይም ዘይቱ አልቆ ከነበረ ከእሱ ጀምሩ ይላል፤ ብዙ ጋራዥ ይህን ይዘለዋል። መስመሮቹን ፈትቶ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ረግጦ መያዝ፣ ቀዳዳዎቹን በጣት ደፍኖ መልቀቅ፣ ይህንኑ 3 ወይም 4 ጊዜ መድገም። ከዚያ መስመሩ ከሚረዝመው ጎማ ይጀመራል፤ መሪው በግራ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የኋላ ቀኝ ነው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ከሆነ ግን ቧንቧውን በዓይን ተከትሎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

አየር ማስወጫው ብሎን ላይ ግልጽ ቱቦ ይሰካና ጫፉ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። ረዳቱ ፔዳሉን ደጋግሞ ረግጦ ይይዛል፣ ብሎኑ ይላላል፣ ዘይቱ መውጣት ሲያቆም ብሎኑ ተመልሶ ይጠብቃል፤ ፔዳሉ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። ቀድሞ ከተለቀቀ አየሩ በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ ይገባል። ማጥበቂያው 11 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ብሎኑ ውስጡ ክፍት ስለሆነ በረጅም ቁልፍ የሚታገለው ሰው ይሰብረዋል። ከኋላ አክሰል በላይ የጭነት ቫልቭ (ወደ ኋላ ፍሬን የሚሄደውን የዘይት ግፊት እንደ ጭነቱ የሚመጥን) ያለው ሞዴል ከሆነ እሱም አየር ይውጣለት፤ ከሥር ስለሚደበቅ ይረሳል። አክሰሉም ተንጠልጥሎ ሳይሆን ተደግፎ ይሠራ፤ አለዚያ ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘይት ሊቀንስ ይችላል።

ማኑዋሉ የማያስጠነቅቀው ዋናው ነገር ይህ ነው፦ በአሮጌ ማስተር ሲሊንደር ፔዳሉን እስከ ወለል አትርገጡ። በዕለት ተዕለት ፍሬን ጎሚኒው (ዘይቱ እንዳያልፍ የሚያግደው የውስጥ ላስቲክ) የማይደርስበት የሲሊንደሩ ጫፍ ዝገትና ቆሻሻ ይይዛል፤ ጎሚኒው እዚያ ሲገባ ይቀደዳል፣ ጠዋት ደህና የነበረው ፔዳል ከሰዓት ይሰምጣል። ፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት ማድረግ ይበቃል። የዛገ ብሎን ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት ዝገት ማላቀቂያ ተረጭቶበት ራሱን ዙሪያውን የሚይዝ ባለስድስት ማዕዘን ቁልፍ ይግባበት።

ሥራው አልቆ ፔዳሉ ዝቅ ካለ ወዲያው አየር ነው አይባል። ሁለተኛ ሲረገጥ ከፍ ብሎ ከጠነከረ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ርቋል ማለት ነው፣ ይስተካከል። አየር ያለበት ፔዳል ግን እግር ሥር እንደ ስፖንጅ ይላላል። ማኑዋሉ ሁለቱን በተለያየ ቦታ ስላስቀመጣቸው አንባቢው አያገናኛቸውም፤ ትልቁ ቅሬታችን ይህ ነው።

የሚያዘው ዶት 3 ዘይት ነው፤ ለሙሉ ቅያሬ 1 ሊትር ይያዝ። አዲሱ ዘይት ሳይፈላ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል፤ እርጥበት ሲጠጣ መስፈርቱ ወደ 140 ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ ለሚወርድ ሚኒባስ ልዩነቱ የሕይወት ጉዳይ ነው። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ፈጽሞ አይቀላቀል።

ከመግዛታችሁ በፊት የሻሲ ኮዱን ከሽፋኑ ጋር አመሳክሩ፤ የናፍጣው ኤልኤች እና የቤንዚኑ አርዜድኤች አንድ አይደሉም።