ባለ 8 ፖርት ጊጋቢት ስዊች፦ ከ14 ወር አገልግሎት በኋላ

አራት ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ባሉት የጽሕፈትና የኅትመት ቤቴ ውስጥ ይህን ስዊች፣ ማለትም ኮምፒውተሮችን በኬብል እርስ በርስ የሚያገናኝ ባለ ስምንት መሰኪያ (ፖርት) ሣጥን፣ ካስገባሁ 14 ወር ሆነኝ። ምንም ቅንብር የማይጠይቅ፣ ሰክተው የሚረሱት ዓይነት ነው። ከውጭ የሚመጣውን የኢንተርኔት መስመር እንደማያፋጥን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል፤ እኔም ለዚያ አልገዛሁትም። ያስቸገረኝ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የሚተላለፈው የሠርግ አልበም ነበር። ቀድሞ ኮምፒውተሮቹ የተገናኙበት የራውተሬ (ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው መሣሪያ) ፖርቶች በሰከንድ ከ100 ሜጋቢት በላይ ስለማያሳልፉ፣ 2 ጊጋባይት የሚሆን አልበም ለማሻገር ሦስት ደቂቃ ገደማ ይፈጅብኝ ነበር፤ ስዊቹ ግን በሰከንድ እስከ 1 ጊጋቢት (1,000 ሜጋቢት) ስለሚያሳልፍ አሁን ግማሽ ደቂቃም አይሞላ።

ፋይሉ እንዳለ አይጓዝም፤ እስከ 1,500 ባይት ዳታ በሚይዙ ፍሬሞች ተቆራርጦ ይላካል፤ እያንዳንዱም ፍሬም የላኪውንና የተቀባዩን ባለ 48 ቢት ማክ አድራሻ (የማሽኑን መለያ ቁጥር) ይዞ ይወጣል። ስዊቹ የላኪውን አድራሻ እያየ የትኛው ማሽን በየትኛው ፖርት እንዳለ ይመዘግባል፤ የተቀባዩን ቦታ ገና ካላወቀ ለሁሉም ይበትናል፣ ካወቀ ግን ለባለቤቱ ብቻ ያደርሳል። ስለዚህ አንዱ ሠራተኛ አልበም ሲያሻግር ሌላው ቢያትም መስመር አይሻሙም። መብራት ሲጠፋ መዝገቡ ይሰረዛል፤ ሲመለስ ግን ማንም ሳይነካው እንደገና ይማራል።

በአምስተኛው ወር የአንዱ ኮምፒውተር ፍጥነት ወደ ቀድሞው ተመለሰ። አረንጓዴ የነበረው የፖርቱ መብራት ብርቱካናማ ሆኗል፤ በዚህ ስዊች ላይ ይህ 100 ሜጋቢት ማለት ነው። ስዊቹን ጠርጥሬ ኬብሉን ወደ ሌላ ፖርት ባዛውረው ብርቱካናማው አብሮት ሄደ። ኬብሉን በእጄ እየዳበስሁ ስፈትሽ የወንበር ጎማ የጨፈለቀው ቦታ ተገኘ፤ ልባሱን ስገልጠው ቡናማው ሽቦ ተበጥሷል። ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ሽቦዎች ይፈልጋል፤ 100 ሜጋቢት ግን ሁለቱ ጥንዶች፣ ብርቱካናማውና አረንጓዴው፣ ይበቁታል፤ መስመሩ ሳይቋረጥ ያነከሰው ለዚህ ነበር። አዲሱን ኬብል በግድግዳው ጥግ አሳለፍሁት።

ከልብ የማማርረው በሌላ ነገር ነው። ቤቱን ስናጸዳ ወለል ላይ የተገኘ የኬብል ጫፍ ባዶ ፖርት ላይ ተሰካ፤ ሌላው ጫፉ እዚያው ስዊች ላይ መሰካቱን ያስተዋለ አልነበረም። ለሁሉም የሚበተነው ፍሬም በአንዱ ወጥቶ በሌላው እየገባ ያለማቋረጥ ተባዛ፤ መብራቶቹ በአንድነት ይርገበገቡ ጀመር፤ ማተምም ኢንተርኔትም ቆመ። ዋጋቸው ከፍ ያለ፣ ቅንብር ያላቸው ስዊቾች እንዲህ ያለውን ዙር ለይተው አንዱን ፖርት ይዘጋሉ፤ የእኔው ይህን አይችልም። ምክንያቱን እስክደርስበት ሁለት ሰዓት ሙሉ ደንበኛ ስመልስ ዋልሁ።

ለእኔ ዓይነቱ ጠባብ ቤት ዛሬም ቢሆን ይህንኑ እገዛለሁ፤ ብዙ ሰው ኬብል ለሚነካካበት ቢሮ ግን አልመክረውም። ሁለቱን ባዶ ፖርቶች በፕላስተር ሸፍኛቸዋለሁ።